ንባብ የጠፋብኝ ዓመት

ሰሌዳው ላይ ራሴ የጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር ማንበብ አቃተኝ። ቡሬ፣ ዘጠነኛ ክፍል፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ነበር። ጠመኔው እጄ ላይ ነው። ፊደሎቹ ግን የማላውቀው አገር ፊደል መሰሉኝ። በቀኝ በኩል የተቀመጡት ተማሪዎችም አልታዩኝም። ራሴን አላመመኝም። አልወደቅኩም። ድካም ነው ብዬ ቤቴ ሄጄ ተኛሁ። ስህተቴ እሱ ነበር።

በማግስቱ ባለቤቴ ፍኖተ ሰላም ወሰደኝ። የደም ግፊቴ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። ለሲቲ ስካን ወደ ባሕር ዳር ተላክሁ። ስትሮክ ነበር፤ በግራ በኩል፣ በአንጎል የኋላ ክፍል። ሐኪሙ ስሜን አስጻፈኝ። ጻፍኩ። «አሁን ያንብቡት» አለኝ። አልቻልኩም።

«ይህ አሌክሲያ ይባላል። ቋንቋዎ አልጠፋም። ዓይንዎ ያየው ፊደል ወደ ቋንቋዎ የሚደርስበት መንገድ ነው የተጎዳው።»

«ይመለስልኛል?»

«በልምምድ የሚሻላቸው አሉ። ምን ያህል እንደሚሻልዎት ግን ቃል አልገባም።»

ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ አስተምሬአለሁ። ቤት ስንገባ የመጻሕፍት መደርደሪያዬን በነጠላ እንዲሸፍኑልኝ ለመንኩ። ማየት አልፈለግሁም።

ወሬውን ሰምተው ታላቅ ወንድሜ አያ ሙሉ ከማንኩሳ መጡ። አባታችን ሲሞት አያ ሙሉ አራተኛ ክፍል ነበሩ። እሳቸው ትምህርቱን ትተው ሞፈር ጨበጡ፤ እኔን ግን ከትምህርት ቤት አላስቀሩኝም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ገመድ ሲገምዱ አጠገባቸው ተቀምጬ የተዋስኩትን መጽሐፍ ጮክ ብዬ አነብላቸው ነበር። ደስ ያላቸው ቦታ ላይ እጃቸውን አቁመው «እስቲ ድገሚው» ይሉኛል። መጽሐፍ ሰውን ሥራ ሲያስፈታ ያየሁት ያኔ ነው። ከፍ ስልም ገበያ በወረዱ ቁጥር አንድ አሮጌ መጽሐፍ ይዘውልኝ ይመጡ ነበር።

አሁን አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው፣ ያኔ ደጋግሜ ያነበብኩላቸውን ሽፋን የሌለው የተረት መጽሐፍ ከጋቢያቸው ሥር አወጡ።

«እስከ ዛሬ አንቺ አነበብሽልኝ። ተራው የእኔ ነው» አሉ።

በየቃሉ እየቆሙ አነበቡ። አንዱ ቃል ላይ ሲቸገሩ የቀረውን እኔ ጨረስኩት። በቃሌ ነበር። እሳቸው ቃሉን ገጹ ላይ በጣታቸው አሳዩኝ። እኔ አለቀስኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐኪሙ እንዳሳየኝ ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ፣ አያ ሙሉም መዳፌ ላይ እየጻፉልኝ፣ በቃሌ የማውቀውን ዓረፍተ ነገር ከገጹ ላይ መፈለግ ያዝን፤ መጀመሪያ አንድ ቃል፣ ከሳምንታት በኋላ አንድ መስመር፣ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ላብ እያጠመቀኝም ቢሆን አንድ ሙሉ ገጽ አነበብኩ። ነጠላውን ከመደርደሪያው ላይ ያነሳሁት ያን ሰሞን ነው። ዓመት ሲሞላኝ ከዚህ በፊት አይቼው የማላውቀውን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ጨረስኩ። ዛሬም በስተቀኝ ያለ ቃል ያመልጠኛል፤ ተመልሼ እፈልገዋለሁ።

እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስባችሁ፣ እንደ እኔ አትተኙ፤ በዚያችው ሰዓት ወደ ሐኪም ሂዱ። እኔ ጸበሉንም ጠጥቻለሁ፣ የግፊት መድኃኒቴንም አንድ ቀን አላቋረጥኩም። አስታማሚዎች ደግሞ ሕመምተኛችሁ በልጅነቱ ምን ይወድ እንደነበር ጠይቁና እሱን አንብቡለት። ሐኪሞቼንና ባለቤቴን አመሰግናለሁ። አያ ሙሉን በምን ቃል እንደማመሰግናቸው አላውቅም። ወደ ማንኩሳ ሲመለሱ የአንድ ረጅም ልቦለድ የመጀመሪያውን ክፍል ሰጥቻቸው ነበር። ባለፈው ሳምንት ደወሉልኝ፤ ጤናዬን እንኳ ሳይጠይቁ፣

«ደራሲው ያን ሰውዬ ከምን አደረሰው? ሁለተኛውን ክፍል ቶሎ ላኪልኝ እንጂ!» አሉኝ።