አባቴን ሆነው ያፋጠጡኝ መምህርት

ዛሬ የውሃ መሐንዲስ ነኝ። ይህን ሙያ የመረጥኩት ገና ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ላደገ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ክረምት ላይ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ ደጃችንን ጠርጎ ይሄዳል፤ በዚያው ሳምንት ግን ቧንቧው ደርቆ ጀሪካን ይዘን ሰፈር ለሰፈር እንዞራለን። ነገሩ ከልጅነቴ ጀምሮ ያናድደኝ ነበር።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የመምረጫው ጊዜ ሲደርስ ግን ችግር መጣ። ትምህርቱ በደንብ ይሰጥበታል የተባለው ዩኒቨርሲቲ ደቡብ ነው፤ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ያስኬዳል። እናቴ ከሞተች በኋላ ብቻውን ያሳደገኝ ልብስ ሰፊው አባቴ፣ "ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አፍንጫችን ሥር እያለ ምን ፍለጋ ነው?" አለና ወሬውን ዘጋው።

የትምህርት ቤታችን አማካሪ ወደነበሩት መምህርት ሄድኩ።

"ቲቸር፣ አባቴን ያናግሩልኝ።"

"እኔ ባናግራቸው ለይሉኝታ ብለው እሺ ይሉ ይሆናል" አሉኝ። "የሚለዩት ግን ካንቺ ነው። አንቺው ትነግሪያቸዋለሽ፤ እኔ አለማምድሻለሁ።"

ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩና አባቴን ሆኑ። "ሴት ልጅ ብቻዋን እንዴት? ሰውስ ምን ይለኛል?" እያሉ በዚያች ጠባብ ቢሮ አፋጠጡኝ። የመጀመሪያ ቀን አለቀስኩ። ውሃ ሰጡኝና "እንደገና" አሉኝ። በማግስቱ ተቆጣሁ። "ቁጣ መልስ አይሆንም። እንደገና።" ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ከረምን።

ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ ሱቅ ገባሁ። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋ ነበር። ያዘጋጀሁትን ሁሉ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ ነገርኩት። የስፌት መኪናውን አቆመ፤ ቀና ግን አላለም።

"ብትታመሚ ማን ይነግረኛል?" አለ። "እናትሽ ሆስፒታል ስትገባ እኔ ለሥራ ክፍለ ሀገር ነበርኩ። የደረስኩት ካለፈች በኋላ ነው።"

ይህን ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። መምህርቷም አባቴን ሆነው ሲያፋጥጡኝ ይህን አልጠየቁኝም። ልዋሸው አልፈለግኩም።

"አላውቅም አባዬ። ቲቸርን አብረን እንጠይቃቸው።"

እሑድ ከአባቴ ጋር ራጉኤል ስመን ቁልቁለቱን ወረድን። ሰፈር ስንደርስ፣ "ነገ እንሄዳለን" አለ።

መምህርቷ አላባበሉትም። "ይህን ስጋት ላጠፋልዎ አልችልም። እዚያ ያለ ሰው ግን ላገናኝዎ እችላለሁ" አሉትና በዚያ ዩኒቨርሲቲ ለምትማር የቀድሞ ተማሪያቸው ደወሉ። አባቴ ስለ ክሊኒኩ፣ ስለ ዶርሙ፣ ስለ ምግቡ እየደጋገመ ጠየቃት። ልጅቷ ሳትሰለች መለሰችለት። በመጨረሻም "አባባ፣ እኔ እቀበላታለሁ፤ የሆነ ነገር ከተፈጠረም እደውልልዎታለሁ" አለችው። ስልኩን ለመምህርቷ መለሰና ወደ እኔ ዞረ።

"በይ ቅጹን ሙዪ።"

ሁለተኛ ዓመት ላይ ወባ ያዘኝ። ያቺው ልጅ ደወለችለት፤ በማግስቱ ማታ አልጋዬ አጠገብ ነበር። በቃ ወደ ቤት ይመልሰኛል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን ግንባሬን ዳሰሰኝና፣ "ፈተናሽ መቼ ነው?" አለኝ።

"የሚቀጥለው ሳምንት።"

"እንግዲያው ብዪ፤ ጉልበት ያስፈልግሻል" ብሎ ያመጣውን ምግብ ከፈተ። በሳምንቱ እግሬ ገና ሳይጸና ገብቼ ተፈተንኩ፤ አለፍኩም።