ቀትር የማያደርቀው ጤዛ

ደምለው የጨፌ ጠባቂ ነው። ከሮብ ገበያ ከተማ ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጣ ካለው የወል ግጦሽ ዳር ተቀምጦ ከብት ወደ ረግረጉ እንዳይገባ ይከለክላል። ሥራውን የሰጡት የአገሩ ሰዎች ናቸው። ለሌላ ነገር ስለማይሆን ነው እያሉ ያሾፉበታል፤ ላማቸው የሰመጠች ዕለት ግን ስሙን እየጠሩ የሚሮጡት ወደ እሱ ነው። የሰመጠች ላም በተፈራገጠች ቁጥር ጭቃው እንደሚብስባት ያውቃል። ስለዚህ መጀመሪያ አንገቷን እያሻሸ ያረጋጋታል፤ ከደረቷ ሥር ሣር ይጎዘጉዝላታል፤ ገመድ የሚያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። አጠገቡ የሚጮህ ሰው አይወድም። እሱም ከሚስቱ ከሥራነሽ ጋር ካልሆነ በቀር ብዙ አያወራም።

የሥራነሽ ዓይን ግን ካምና ወዲህ እየጨለመ መጣ። ጤና ጣቢያ ሄዳ ሞራ ነው፣ በቀዶ ጥገና ይነሣል አሏት። ለዘመቻ የመጡት የዓይን ሐኪሞች ሮብ ገበያ የሚቆዩት ያን ሳምንት ብቻ ነው። እሷ ልሂድ ትላለች፤ እንቢ ያለው ደምለው ነው። ልጅ ሳለ የእናቱን ዓይን አንድ ወጌሻ በምላጭ ነካክቶ ሲያጠፋው ቆሞ አይቷል። ስለት ወደ ሚስቱ ዓይን እንዲጠጋ አይፈልግም። ትንሽ እንታገሥ ይላታል። ምን እንደሚጠብቅ ግን እሱም አያውቅም።

ጤዛውን ያየው በዚያው ሳምንት ነው። ቀትር ነበር፤ በቀትር ረግረግ ዳር መቆም ደግ እንዳልሆነ ከልጅነቱ ጀምሮ ተነግሮታል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የሜዳው ጤዛ ገና ድሮ ደርቋል። ከጭቃው መሐል ግን ቀያይ ነገሮች ላይ ጤዛ አለ፣ ያብለጨልጫል። ዓይኑን አሽቶ ደግሞ አየ። በማግስቱም በዚያው ሰዓት አገኘው። ፀሐይ የማይደፍረው ጤዛ ከላይ የተላከ ካልሆነ ከየት ይመጣል? ልቡ በደስታ ዘለለ። ምላጭ የለ፣ ደም የለ፤ ጠብ ሲያደርግላት ዓይኗ ይበራል። ማታ ለሥራነሽ ነገራት። እሷ ግን ሐኪሞቹ ነገ እንደሚሄዱ አስታወሰችው።

በነጋታው ብልቃጥ ይዞ ወጣ። ከብት እንዳይረግጠው ሲከለክል የኖረውን ጭቃ፣ ዓይኑን ከዚያ ብርሃን ሳይነቅል ረገጠው። ቅጠሎቹ ከሳንቲም አይበልጡም፤ መሬት ላይ ተለጥፈው ቀይ ፀጉር አብቅለዋል፤ በእያንዳንዱ ፀጉር ጫፍ አንዳንድ ጠብታ ተቀምጧል። በጣቱ ነካው። ጤዛው አልወረደም፤ እንደ ማር እየተለጠጠ ጣቱን ተከተለው። ያኔ ነው አንዲት ትንኝ ያየው። እግሯ ተይዟል። እግሯን ስትስብ ሌላ ጠብታ ክንፏን ያዘ፤ ክንፏን ስታራግብ ደረቷ ተጣበቀ። ፀጉሮቹ ሲያያቸው አይንቀሳቀሱም፤ ዘወር ብሎ ሲመለስ ግን ወደ እሷ ጎንበስ ብለዋል። በሚቀጥለው ቅጠል ላይ የሌላዋ ክንፍ ብቻ ቀርቷል፤ ውስጧ ተመጥጧል። ዙሪያውን ቢያይ ሬሳ ያልያዘ ቅጠል የለም። የወፍ ድምፅ እንኳ አይሰማም። ደምለው ፈራ። ልሂድ ሲል እግሩ አልመጣም።

እስከ ጉልበቱ ገብቷል። ቢስብ እስከ ጭኑ ወረደ። ያ ጩኸት የማይወድ ሰው ጮኸ፤ ተፈራገጠ፤ ጭቃው ወገቡን ያዘው። ፊቱ ወደ ቅጠሎቹ ቀርቧል፣ ጠብታዎቹ አሁንም ያምራሉ። ሞት እንዲህ ቆንጆ መሆኑ ከምንም በላይ አስፈራው። ከዚያ አፉ የለመደውን ቃል አወጣ።

"እረፊ፣ እናቴ፣ እረፊ።"

ለላሞቹ የሚለውን ለራሱ እየደጋገመ ጸጥ አለ። ጋቢውን አውልቆ ከደረቱ ሥር ጎዘጎዘ፤ ተኛበትና በሆዱ እየተሳበ ወጣ። ብልቃጡና ቦት ጫማው እዚያው ቀሩ።

ሥራነሽ ደጃፍ ተቀምጣ አገኛት። ፊቱን ዳበሰች፣ ጭቃውን በጣቶቿ አሸት አደረገች።

"አገኘኸው፣ አያ ደምለው?"

"ጤዛ አይደለም። ተነሽ፣ ሐኪሞቹ ሳይሄዱ እንድረስ።"

"እኔማ ከጠዋት ጀምሮ ለብሼ ተቀምጫለሁ" አለችው።

ደረሱ። ደምለው በባዶ እግሩ ጤና ጣቢያው አጥር ሥር ሲጠብቅ፣ እናቷን ያመጣች መክሊት የምትባል የባዮሎጂ መምህርት ስለ ጭቃው ጠየቀችው። የሆነውን ሲነግራት ተክሉን አወቀችው። ረግረጉ የሚበላ ነገር ስለማይሰጠው ነው ነፍሳት እያጠመደ የሚኖረው አለችው። ምክንያቱን ማወቁ ፍርሃቱን አልቀነሰለትም።

ፋሻው ሲነሣ ሥራነሽ በመጀመሪያ ያየችው እሱን ነው፤ እንዲህ አርጅተሃል እንዴ ብላ ሳቀችበት። እሱ ግን አለቀሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ጤዛ ካላሳየኸኝ እያለች ነዘነዘችው። ዓይኗ ከጠና በኋላ እሺ አላትና እጇን ይዞ ጠንካራው መሬት ላይ አቆማት።

ቀትር ነበር። ጨፌው መሐል ቀይ ብርሃን ተዘርግቷል። ሥራነሽ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ፊቷ በራ።

"እንዴት ያምራል" አለች።

ደምለው ወደ መሬት ተመለከተ። አንድ እግሯ ሣሩን አልፎ ጭቃው ላይ አርፏል። እሷ አላወቀችም። ዓይኗ ታሞ ሳለ ወደዚህ የሚያመጣት አንዳች ነገር አልነበረም። ክንዷን አጥብቆ ያዘ።

"ልቀቀኝማ፣ ቀረብ ብዬ ልየው" አለችው፣ ዓይኗን ከብርሃኑ ሳትነቅል።

"እረፊ" አላት በለሆሳስ፣ "እረፊ፣ እናቴ።"

ሌላው እግሯ ወደ ፊት ሊራመድ ተነሣ። እሱም ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ ወደ ኋላ ይስባት ጀመር።