በአማቴ ላፕቶፕ ላይ የጻፍኩት ስም

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ብዙ ያወራሉ። ጡረታ የወጡ የእርሻ ባለሙያ ናቸው። ከጭላሎ ተራራ ግርጌ እስከ ዴራ ቆላ ያልረገጡት ማሳ የለም፤ ስለ እያንዳንዱም የሚሉት አላቸው። ስለ ገብስ የጠየቃቸው ሰው የባለማሳውን አያት ሠርግ ሰምቶ ነው የሚነሳው። እኔና ባለቤቴ መኝታ ቤት ገብተን በሩን ስንዘጋ «ራዲዮ» እንላቸው ነበር። እሱ ከሱቅ ሲመለስ «ራዲዮው ዛሬ ስንት ሰዓት ተዘጋ?» ይለኛል፤ እኔ ትራስ አፌ ላይ አድርጌ እስቃለሁ። አሁን ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል።

ቤቱ የሳቸው ነው። ከሲሬ ተድሬ አሰላ ስመጣ ሴት አማት እንደሌለኝ፣ ባለቤታቸው እንደሞቱ አውቅ ነበር። አንድ ሽማግሌ ያለበት ቤት እንዴት ይጨንቅ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር የገባሁት። እሳቸው ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ቢሮ ስሄድና ስመለስ በር ላይ ቆመው የሚጠብቁኝ ሆኑ። ኮምፒውተር እንደምችል ሲሰሙማ በቃ፣ መስጊድ ግቢ ውስጥ ሳይቀር «ምራቴ ኮምፒውተር ታውቃለች» ማለት ጀመሩ። እኔም ወደድኩት። ሰው ሲያሞግሰኝ አልጠላም።

ትልቁ ልጃቸው አዳማ ሲገባ የተወላቸው አሮጌ ላፕቶፕ አላቸው። በእሱ የዘራቸውን ሐረግ ይጽፋሉ፤ ማን ማንን እንደወለደ፣ ማን ከየት መጥቶ የት እንደሰፈረ፣ በአንድ ጣት፣ ፊደል እየፈለጉ። ላፕቶፑ ደግሞ ጉድ ነበር። አብርተውት፣ ዙህርን ሰግደው ሲመለሱ ያቺ ክብ ነገር ገና ትዞራለች። ጠጋኙ ጋ ወስደውት «ይጣል» ተባሉ። እንደ ሞተ ሰው ዕቃ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘውት መጡ። እኔ ታዲያ ጉራዬን ነፍቼ «ይተዉት አባ፣ እኔ አዲስ አደርገዋለሁ» አልኩ።

ሊኑክስን፣ ያረጀ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን ቀላል ሲስተም፣ ከቪዲዮ ነው የተማርኩት። ቢሮ ኢንተርኔቱ ሲፈጥን አውርጄ ፍላሽ ላይ ጫንኩት። እዚህ ላይ ሰው የሚጠብቀው «ጽሑፋቸውን አጠፋሁባቸው» እንድል ይሆናል። አላጠፋሁም። መጀመሪያ ጽሑፉን ሌላ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ፤ እንደገና ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ገለበጥኩ። ለጽሑፉ የተጨነቅሁትን ያህል ለሰውየው ብጨነቅ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

ቅዳሜ ነበር። እሳቸው ጮሌ ወረዳ ለቅሶ ሄደዋል፤ ባለቤቴ ሱቅ ነው። ፍላሹን ሰክቼ አስነሳሁት። ቋንቋ ጠየቀኝ፣ መረጥኩ። ከተማ ጠየቀኝ፣ አዲስ አበባ አልኩ፤ አሰላን አያውቃትም። የድሮውን ጠርጎ አዲሱን ሊጭን ሲል ፈቀድኩለት። ቀጥሎ የላፕቶፑን ባለቤት ስም ጠየቀ።

በእኛ ዘንድ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ላጉ ይባላል። አጥባቂዎቹ በስሙ የመጀመሪያ ፊደል የሚጀምር ቃል እንኳ ከአፋቸው አያወጡም። የእናቴ አማት ስም ከአንድ እህል ስም ጋር ይመሳሰል ስለነበር እናቴ ያንን እህል እስከ ዛሬ «ነጩ» ነው የምትለው። እኔ የተማርኩ ነኝ፣ ቢሮ የምሠራ ነኝ፣ በዚህ ነገር አንዳንዴ እቀልዳለሁ። ግን የአማቴን ስም አንድም ቀን ጠርቼ አላውቅም። ያን ቀንም ጣቴ ፊደሎቹ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ባለቤቴ እንዲነግረኝ፣ ማለትም እሱ ስሙን ጠርቶ እኔ እንደታዘዝኩ ሆኜ እንድጽፍ ደወልኩለት። አላነሳም። ብቻዬን ፈገግ አልኩና «ራዲዮ» ብዬ ጻፍኩ። ለጊዜው ነው፣ ማታ እሱ ይቀይረዋል አልኩ። ለባለቤቴም አሳየዋለሁ፣ ይስቃል ብዬ ደስ ብሎኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በፍቅር የተሠራ ነው፣ ይህን ማንም አይወስድብኝም። ፊደሉን ለዓይናቸው እንዲመች አተለቅኩት። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም በአንድ ቁልፍ እንዲቀያይሩ አደረግኩ። ከጀርባው በስልኬ ያነሳሁትን ጭላሎን ለጠፍኩ። የማይፈልጉትን ሁሉ ደብቄ ጽሑፋቸውን፣ ቁርኣኑንና የቤተሰቡን ፎቶ ብቻ ፊት ለፊት አስቀመጥኩ። የይለፍ ቃል እንደሚረሱ ስለማውቅ፣ ሲበራ ስም ሳይጠይቅ በቀጥታ እንዲከፍት አደረግኩት። ስለዚህ «ራዲዮ» የሚለው ነገር ከዓይኔ ጠፋ፤ ከዓይኔ ሲጠፋ ከሐሳቤም ጠፋ።

በማግስቱ ሲያበሩት መነጽራቸውን አውጥተው ሳያደርጉ ተከፈተ። ዘግተው እንደገና አበሩት። «ኢንተለ ቲያ፣ ልጄ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥሽ፣ ይኼ እኮ ፈረስ ሆነ!» አሉ። ጎረቤት ጠርተው አሳዩ።

ዒድ ካለፈ በኋላ የዘመድ ሽማግሌዎች ከሲሬም ከጮሌም መጥተው እኛ ሳሎን ተሰበሰቡ። አማቴ የጻፉትን ሊሰሙና የተሳተ ካለ ሊያርሙ ነው። ስንት ዓመት የለፉበት ቀን ነው። ላፕቶፑን በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁትና ገጽ የማገላብጠው እኔ ስለሆንኩ አጠገቡ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። አማቴ አዲስ ጋቢ ለብሰዋል። «ይህን ሁሉ ያስተካከለችው ይቺ ናት» ብለው ጀመሩ፤ እኔም አንገቴን ደፋሁ፣ ኩራቴ እንዳይታይ።

ከአንደኛው አያት ላይ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ቆሙ። ይኸው ሰው አንድ በሬ ጠፍቶበት፣ በሬውን ሲፈልግ ቆላ ወርዶ፣ እዚያው አግብቶ እንደቀረ ማውራት ያዙ። ሽማግሌዎቹም ይጨምራሉ፣ ይከራከራሉ። ጨዋታው ደራ። እኔ ገጹን አልነካሁም። ሲበራ ስም አይጠይቅ እንጂ ሥራ ፈቶ ሲቆይ ራሱን እንደሚቆልፍ ረስቻለሁ። ቴሌቪዥኑ ጨለመ፤ አንድ ቁልፍ ስነካ ተመልሶ በራ። ከላይ ሰዓቱ፣ ከታች እኔው ራሴ ባተለቅሁት ፊደል፦ ራዲዮ።

የጮሌው ሽማግሌ ጮክ ብለው አነበቡት። «ራዲዮ? ኩኒ ማሊ፣ ይኼ ምንድን ነው? ከአባቶቻችን ራዲዮ የሚባል ነበር እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምንም አልነበረም። ባለቤቴ ግን በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ የሱ ሳቅ እንደ ሰዎቹ ሳቅ አልነበረም፤ በአፍንጫው ፈነዳ፣ ሊውጠው ሞከረ፣ አቃተውና ወጥቶ ሄደ። አማቴ ልጃቸው የወጣበትን በር አዩ። ቴሌቪዥኑን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ነገሩ ሲገባቸው አየሁ፤ ከዚያ በፊት የሰው ፊት እንደዚያ ሲሆን አይቼ አላውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«የማሽኑ ስም ነው» አሉ ለሽማግሌዎቹ። «ፋብሪካው ነው እንዲህ ብሎ ያወጣለት።»

ሲዋሹ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። ለእኔ ብለው ዋሹ። የይለፍ ቃሉን ተሳሳትኩ፣ እንደገና ጻፍኩ። ገጹ ሲመለስ ሁሉም አማቴ የበሬውን ነገር እንዲጨርሱ ጠበቀ። እሳቸው ግን «እንግዲህ እዚያው ቀረ» አሉና ወደሚቀጥለው ስም አለፉ። ከዚያ በኋላ ስም ብቻ ነው የተነበበው፤ እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ እገሌን ወለደ። በጊዜ አለቀ። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ «አመማቸው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

ማታ ባለቤቴ «ተይው፣ ይረሱታል» አለኝ። እሱ ልጃቸው ነው፣ ለሱ ይረሳል። እኔ ግን ስማቸውን ለመጥራት እንኳ እያፈርኩ፣ ከኋላቸው ቅጽል ስም ያወጣሁላቸው ምራት ሆንኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ሻይ ይዤ እገባለሁ፤ «አላህ ይስጥሽ» ይላሉ፤ ብርጭቆውን አስቀምጬ እወጣለሁ። በር ላይ ቆመው መጠበቁን አልተዉም። ከቢሮ ስመለስ ግን «ደህና ዋልሽ?» ብለው ቀድመውኝ ይገባሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑን ይዘው ጠሩኝ። አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ስሜን መጻፍ እንዳልቻልሽ ገብቶኛል» አሉ። «ላጉ ነው። ክብር ነው፣ አልከፋኝም።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ግን ‹አባ› ብለሽ ብትጽፊ ምን ነበረበት?»

አልተቆጡም። የምር ነበር የጠየቁኝ፤ መልስ እየጠበቁ። ከጠዋት እስከ ማታ አባ ስላቸው እየዋልኩ፣ ያን ቅዳሜ ይቺ ቃል ትዝ አላለችኝም። እስከዚያች ሰዓት ጥፋቱን በወጉ ላይ አሳብቤ ትንሽ እተነፍስ ነበር። «ይቅር ይበሉኝ አባ» አልኩ። እዚያው ፊታቸው ቀየርኩት። «ጋሪ፣ ጥሩ ነው» ብለው ላፕቶፑን ከደኑት።

ከዚያ ወዲህ ይቅር ብለውኛል፤ ይህን በሁሉ ነገራቸው አያለሁ። ባለፈው ሽንኩርት ስከትፍ ኩሽና መጥተው ተቀመጡ። ሆን ብዬ ድሮ ስለነበረ አንድ ክፉ ድርቅ ጠየቅኋቸው። ጀመሩ። እጃቸው ተነሳ፣ ዓይናቸው በራ፤ ከብቶቹን ይዘው ወደ ደጋ ስለወጡ ሰዎች፣ መንገድ ላይ ስለተወለደ ልጅ። ቢላዬን አስቀምጬ ወደሳቸው ዞርኩ። መሃል ላይ ቆም አሉና «ረዘመብሽ እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ አልረዘመም አባ፣ ይቀጥሉ።»

«አይ፣ ይኸው ነው» አሉና ተነስተው ወጡ።