ከሎሪን ደጅ የጠፋው ሰሌዳ

በኮልተር ወረዳ ኦርቪል ፕራተርን ማሸነፍ ይቻላል ብሎ የሚከራከር ሰው በየቁርስ ቤቱ መሳቂያ ነበር። ሰውዬው ወረዳውን ከሃያ ዓመት በላይ አስተዳድሯል። ችሎት ላይ ተቀምጦ ባያውቅም፣ በኬንታኪ ልማድ የወረዳ አስተዳዳሪ ዳኛ ስለሚባል ትንሹም ትልቁም «ዳኛው» ይለዋል። በዚያ ተራራማ አገር ፓርቲው አንድ ነው ማለት ይቻላል። ግንቦት ላይ በፓርቲው የውስጥ ምርጫ ያሸነፈ ሰው ኅዳር ሲመጣ የሚገጥመው አያገኝም። ስለዚህ ነገሩ የሚያልቀው ግንቦት ላይ ነው፤ ግንቦት በመጣ ቁጥር ደግሞ የሚያሸንፈው ፕራተር ነው።

ሎሪን ስሎንም ነገሩን እንደዚያው ነበር የምታየው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ስልሳን አልፋለች። ባሏ የከሰል አቧራ ሳንባውን በልቶት ነው የሞተው። ነገር አታመላልስም፣ ሰው አታማም፤ በዚህ የተነሳ አንድ ቃል ስትናገር ሰው ጆሮውን ይሰጣታል። ባሏ አልጋ ላይ በዋለበት በመጨረሻው ክረምት ቤቷ እየተመላለሰች ያስታመመችው ነርስ ኢሞጂን ካውዲል ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች እንደ እኅትማማች ሆኑ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ኢሞጂን ክንዷን ይዛ ወደ መኪና ማቆሚያው ጥግ ወሰደቻት።

«ልወዳደር ነው» አለቻት።

«ከማን ጋር?»

«ከፕራተር ጋር ነዋ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ጡረታ ወጥተሽ ሥራ ብትፈቺ አበድሽ እንዴ?»

«ካበድኩ ያሳበደኝ ውሃው ነው። ሁለት ክረምት ሙሉ ከቧንቧ ሻይ የመሰለ ነገር እየቀዳን ሕፃን እናጥባለን። እሱ በሚቀጥለው ወር ይሠራል ይላል፤ የሚቀጥለው ወር መቼም አይመጣም።»

«ውሃውንም አውቀዋለሁ፣ ፕራተርንም አውቀዋለሁ። እሱ አይወድቅም፣ ኢሞጂን።»

«አይወድቅም የምትሉት የገፋው ሰው ስለሌለ ነው» አለች ኢሞጂን። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ካንቺ ንግግር አልፈልግም። ደጅሽ ላይ አንድ የምርጫ ሰሌዳዬን ትከይልኝ። ሎሪን ካልፈራች እኛ ምን ያስፈራናል ይላሉ።»

ሎሪን እሺ አለች። ለዚያች ሴት እንቢ የምትልበት አንጀት አልነበራትም። ሰሌዳው ቀላል ነገር ነው፤ በሁለት የሽቦ እግር የሚቆም ፕላስቲክ፣ በሰማያዊ ቀለም «ካውዲል» ተብሎ የተጻፈበት። ከመንገዱ ዳር ሣሯ ላይ ራሷ ተከለችው። በማግስቱ አውቶቡሷን ይዛ ስትወጣ አየችውና፣ ስንት ዓመት አንገቷን ደፍታ እንደኖረች የገባት ያን ጊዜ ነው። ኩራት ቢጤ ተሰማት።

ኩራቱ ከሳምንት አላለፈም። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዳኛው ራሱ፣ ያለ አጃቢ፣ የዘር ድንች በከረጢት ይዞላት መጣ። በረንዳዋ ላይ ተቀመጠ፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ስለ ባሏ አነሣ፤ ከባሏ ጋር ዓሣ ያጠመዱበትን ቀን እያስታወሰ ከልቡ ሳቀ። ሎሪንም ሳቀች። ሰውዬው ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለላት ነበር።

«ድዌይን አዲሱን ማሽን ለመደው?» አላት። ድዌይን ልጇ ነው፤ በወረዳው መንገድ ሥራ ክፍል የመንገድ መጥረጊያ ማሽን ይነዳል።

«ለምዶታል ዳኛ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።»

«ጎበዝ ልጅ ነው። ያንን ወንበር የሚመኝ ሰው ብዛቱን ብታዪ! በየሳምንቱ ቢሮዬ እየመጡ ይለምኑኛል። እኔ ግን የሎሪን ልጅ ነው፣ አይነካም እላቸዋለሁ።»

ሊሄድ ተነሣ። መኪናው ዘንድ ሲደርስ ቆም ብሎ ግቢዋን በዓይኑ ዞረው። ሰሌዳውን አየው፤ ስለ ሰሌዳው ግን ምንም አላለም።

«ሣርሽ ዘንድሮ አምሯል፣ ሎሪን» አለና ሄደ።

እሷ ከበረንዳው ሳትነሣ ቆየች። ድዌይን ሁለት ልጆች አሉት፤ ሚስቱ ሦስተኛ አርግዛለች። ከከሰል ማዕድኑ መዘጋት ወዲህ በዚያ ወረዳ ደመወዝ ያለው ሥራ ማለት ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል ወይም ዳኛው ነው። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስትገባ ተነሥታ ሰሌዳውን ነቀለች። ወደ ጓሮ ወስዳ ቆሻሻ በምታቃጥልበት በርሜል ከተተችውና ክብሪት ጫረች። ፕላስቲኩ እየተኮማተረ ጥቁር ጭስ ለቀቀ፤ ሽታው ልብሷ ላይ ቀረ። እሳቱ ሲከስም ሽቦዎቹን ሳይቀር አጣጥፋ ቀበረቻቸው። ለኢሞጂን ነገ እነግራታለሁ አለች በልቧ፤ ለልጄ ብዬ ነው እላታለሁ፣ እሷ ይገባታል።

በማግስቱ ግን ቀድማ የደወለችው ኢሞጂን ነበረች።

«ሎሪን! ሰሌዳሽ የት ገባ? አሁን በደጅሽ ሳልፍ አጣሁት!»

ሎሪን አፏን ከፈተች። ሊወጣ የነበረው እውነቱ ነበር፤ የወጣው ሌላ ሆነ።

«እኔ እንጃ። ጠዋት ስነሣ የለም።»

«ሰረቁሽ» አለች ኢሞጂን። «እነዚህ የማያፍሩ! ካንቺ ደጅ?»

በዚያ ሳምንት መጨረሻ በእሳት አደጋ ጣቢያው ውስጥ የኢሞጂን ደጋፊዎች እራት አዘጋጅተው ነበር፤ አደንጓሬ፣ የበቆሎ ዳቦ፣ በስብ የተጠበሰ የጫካ ሽንኩርት። የመጣው ሰው ጥቂት ነው፤ የመጡትም በሩን በሩን ያዩ ነበር። ኢሞጂን ስለ ውሃው ተናገረች፤ ሰው በጨዋነት አጨበጨበ። ከዚያ ወረቀቷን አጠፈችና፦

«ሎሪን ስሎንን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ» አለች። «ልጆቻችሁን በበረዶና በጭቃ አድርሳ የምትመልስ ሴት ናት። ባሏን ከሰሉ በላባት። ይህች ሴት ደጇ ላይ አንድ ሰሌዳ ብትተክል፣ መጥተው ሰረቋት! ከመበለት ደጅ! በገዛ ሣራችን ላይ የምናቆመውን እነሱ ከወሰኑልን እኛ ምንድን ነን?»

ጣቢያው በአንድ ጊዜ ተናወጠ። ወንበሮች ወደ ኋላ ተገፉ፤ ሰዎች ቆመው ጮኹ። ከሎሪን አጠገብ የተቀመጠችው አሮጊት እጇን አጥብቃ ያዘች። ሁሉም ዞሮ አያት። ያን ሰዓት መነሣት ነበረባት፤ ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ ሳህኗ ውስጥ ያለውን አደንጓሬ ስታይ፣ ሰዎቹ የሐዘን መስሏቸው ጭብጨባውን ጨመሩት።

በሳምንቱ ከነዳጅ ማደያው እስከ ድልድዩ ድረስ መንገዱ በሰማያዊ ሰሌዳ ተሞላ። ተቃውሞውን በአደባባይ ተናግሮ የማያውቅ ሰው ሁሉ ደጁ ላይ አቆመ። አንዳንዱ በቀለም «ይህንንም ስረቁት» ብሎ ጻፈበት። ቁርስ ቤት ውስጥ ፕራተር ይወድቃል የሚለው ወሬ የማያስቀው ያን ጊዜ ነው።

ሰው ሌባውን መፈለጉ አልቀረም፤ ሌስተር ማላርድን አገኙ። ሌስተር በዳኛው መንገድ ሥራ ክፍል ውስጥ ባንዲራ ይዞ መኪና የሚያስቆም ትሑት ሰው ነው፤ በየምርጫው የዳኛውን ሰሌዳ በፒካፑ እየዞረ ይተክላል። ቤቱ ከሎሪን ቤት ከፍ ብሎ ስለሆነ ሌላ መንገድ የለውም፤ ያን ምሽት በደጇ ሲያልፍ ያየው ሰው ተገኘ። በቃ።

«ሌስተር፣ ጫማዬን በረንዳ ላይ ትቼዋለሁ፣ ደኅና ያድራል?» ይሉታል ነዳጅ ሲቀዳ።

«ዝም በሉት እባካችሁ፣ ዛሬ እረፍቱ ነው፤ የመበለት ቤት የሚጎበኘው ሐሙስ ሐሙስ ነው!» ይላል ሌላው።

የሌስተር የዘጠኝ ዓመት ልጅ ማርሊ ትምህርት ቤት የምትሄደው በሎሪን አውቶቡስ ነበር። አንድ ጠዋት ከኋላ ወንበር፣ «ማርሊ፣ ቦርሳዬን አደራ፣ ለአባትሽ እንዳትነግሪ!» የሚል ድምፅና ሳቅ ተሰማ። ሎሪን በመስተዋቱ አየቻት፤ ልጅቷ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋለች። ሎሪን «ተቀመጡ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ በላይ የምትለው ነበራት፤ መሪውን ጨብጣ ዋጠችው።

ሌስተርም መጣ፤ ኮፍያውን አውልቆ ከደረጃው በታች ቆመ።

«አክስት ሎሪን፣ ሰሌዳዎን አልነካሁም።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

ቀና ብሎ አያት። «እንዴት አወቁ?»

«አንተን… አንተን ስለማውቅህ ነው።»

«እንግዲያው ይንገሩልኝ። የእኔን ማንም አይሰማኝም፤ እርስዎ እሱ አይደለም ካሉ ያልቃል።»

«እነግራቸዋለሁ» አለች። አልነገረችም። ምርጫው ይለፍ አለች፤ አሁን ብናገር ኢሞጂንን አፈርሳታለሁ አለች። ምክንያት አላጣችም።

ግንቦት ላይ ኢሞጂን ካውዲል መቶ በማይሞላ የድምፅ ልዩነት አሸነፈች። ሎሪንም የመረጠችው እሷን ነው፤ መጋረጃው ውስጥ ማንም ስለማያያት። በከተማው የመኪና ጥሩምባ ሲነፋ ሎሪን ጓሮዋን ትቆፍር ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ፕራተር ፖስታ ቤቱ በር ላይ አገኛት። ያረጀ መሰላት። ዙሪያውን አየና ጠጋ አለ።

«ያን ሰሌዳ እኔ አላስነሣሁም። ሰዎቼን አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው፤ እኔን አይዋሹኝም። ያነሣሽው አንቺ ነሽ፣ አይደል?»

መልሱን ከፊቷ አነበበው፤ ከዚያ ሳቀ፣ ደስታ የሌለበት ሳቅ።

«ስትፈሪኝ ጣልሽኝ እኮ፣ ሎሪን! ባትፈሪኝ ኖሮ አሸንፍ ነበር።» ባርኔጣውን ነካ አደረገላት። «አይዞሽ፣ አልናገርም። ብናገርስ ማን ያምነኛል?»

አዲሷ ዳኛ ጥር ላይ ቢሮ ገባች። የቧንቧውን ነገር በእርግጥ በመጀመሪያው ሳምንት ነው የጀመረችው፤ ይህን ማንም አይክዳትም። የፕራተርን ሰዎችም ማሰናበት ጀመረች፤ ከፊተኞቹ አንዱ ሌስተር ማላርድ ነበር። ድዌይን ግን የመንገድ ሥራው ፎርማን ሆነ።

ሎሪን ይህን ስትሰማ ሥራዋን ጨርሳ በቀጥታ ቢሮ ሄደች። ኢሞጂን እጆቿን ዘርግታ ተቀበለቻት። ሎሪን አልተቀመጠችም። የድንቹን ነገር፣ የበርሜሉን፣ የስልኩን፣ ሁሉንም ቆማ ነገረቻት።

ኢሞጂን ቀስ ብላ በሩን ዘጋች።

«ለማን ነግረሻል?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው ለማንም አትንገሪ።»

«ሌስተርስ?»

«ሌስተር ሌላ ሥራ ያገኛል። ሎሪን፣ ስሚኝ። ሰው የመረጠኝ በዚያ ሰሌዳ ነው። አሁን ውሸት ነበር ብንል ቧንቧውም ይቆማል፣ ምርጫው ይደገም ይላሉ፣ ይሳቅብናል። ለልጅሽ ብለሽ ዝም ብለሻል፤ አሁን ደግሞ ለውሃው ብለሽ ዝም በይ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ኢሞጂን ፊት ላይ ፍርሃት አየች። ያንን ፍርሃት ታውቀዋለች፤ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ የቀመሰችው ነው። እሺም እንቢም ሳትል ወጣች።

አውቶቡሷን ወደ ማቆሚያው ሳትመልስ ሽቅብ ወደ ሌስተር ቤት ነዳች። እንጨት እየፈለጠ አገኘችው። ነገረችው። መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ሰካው።

«ልጄ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ታለቅስ ነበር» አለ። «አውቶቡሱ ውስጥ ነበሩ እኮ፣ አክስት ሎሪን።»

«ነበርኩ።»

«አሁን ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለእነሱ ይንገሩ፣ ሰው ባለበት።»

በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ሎሪን ኮቷን ሳታወልቅ መሐል ላይ ቆመችና፣ «ሰሌዳዬን ማንም አልሰረቀም፤ ራሴ ነቅዬ አቃጠልኩት፤ ዳኛውን ፈርቼ ነው፤ ሌስተር የለበትም» አለች።

መጀመሪያ የተናገረው ምድጃው አጠገብ የሚቀመጠው ሽማግሌ ነበር። «አቤት ይህች ሴት! ለሌስተር ሥራ ብላ ኃጢአቱን ራሷ ላይ ልትጭን!»

«እውነቴን ነው» አለች ሎሪን። «አቃጥዬዋለሁ እኮ እላችኋለሁ!»

«እሺ እሺ፣ አቃጥለሽዋል» አለች አስተናጋጇ፣ ዓይኗን እየጠረገች ትከሻዋን አቀፈቻት። «ነይ ቁጭ በይ፣ ቁርስሽን እኔ ጋብዤሻለሁ። እንዳንቺ ያለ ልብ የት ይገኛል?»

ሎሪን ትሟገት ጀመር፤ በተሟገተች ቁጥር ይበልጥ ይወዷታል። የምታሳየው ነገር የላትም፤ ሰሌዳውን በእጇ አመድ አድርጋዋለች፣ የተቀበረ ሽቦ ደግሞ ማስረጃ አይሆንም። በመጨረሻ ድምጿ አልቆ ወጣች፤ ከኋላዋ ያጨበጨቡ ነበሩ።

ወሬው ቢሮ ደረሰ። ኢሞጂን ሳምንት ሳይሞላ ሌስተርን አስጠራችውና፣ የተበደለችው ራሷ ይቅር ካለች እኔ ማን ነኝ ብላ ወደ ሥራው መለሰችው። ሰው ሁሉ ደግነቷን አወራላት።

ሎሪን በአውቶቡሷ ስታልፍ ሌስተር ባንዲራውን ይዞ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። መኪና እንዲያልፍ አስቆማትና መስኮቷ ሥር ጠጋ አለ።

«ሥራዬን መለሱልኝ» አላት።

«ሰምቻለሁ። ደስ ብሎኛል ልጄ።»

«እርስዎ ይቅር ብለውኛል አሉኝ» አለ ሌስተር። «ደመወዝ እፈልጋለሁ፤ እሺ አልኩ። ግን አክስት ሎሪን፣ ምኑን ነው ይቅር ያሉኝ?»

ማርሊ ከፊት ወንበር ሁለቱንም ታያለች። ሌስተር ጥቂት ጠበቃት፤ ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ እንድታልፍ ባንዲራውን አወዛወዘላት።