«ምን ሆኖ ነው የሞተው?»

ጋሼ የሞተ ዕለት ከሥራ ወጥቼ ኦስሎ ውስጥ ወዳለው ሰፈሬ ወደ ቫይትቬት የሚወስደኝ ባቡር ውስጥ ገና ቁጭ ከማለቴ ስልኬ ጮኸ። የደወለችው በቤተ ክርስቲያን የማውቃት ሴት ናት። «ሰማሽ አይደል?» አለችኝ። ሰምቻለሁ አልኳት። ባለቤቱ ራሷ ጠዋት ደውላ ነግራኝ፣ ልብስ በምንቀይርበት ክፍል ውስጥ ቆሜ አልቅሻለሁ። ሴትዮዋ ግን ቀብሩ መቼ ነው አላለችኝም። ባለቤቱ እንዴት ሆነች፣ ልጅቷስ ማን አብሯት አለ፣ ብላም አልጠየቀችኝም። «ለመሆኑ ምን ሆኖ ነው የሞተው?» ነው ያለችኝ።

አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነበር፤ ያኔ አላውቅም።

«እንዴት አታውቂም? እዚያው ሆስፒታል አይደል እንዴ የምትሠሪው? ኮምፒውተሩን ከፍተሽ ማየት ትችያለሽ እኮ!»

ነርስ ነኝ። እሱ የሞተው በሆስፒታላችን ቢሆንም እኔ በምሠራበት ክፍል አልነበረም። ያላከምኩትን ሰው ጆርናል፣ የሕክምና መዝገቡን ማለቴ ነው፣ ብከፍት፣ ማን እንደከፈተው ይመዘገባል፤ የሥራ ፈቃዴን ላጣ እችላለሁ። ይህን ሁሉ አስረዳኋት። ሰማችኝና «እንግዲህ አንቺም ፈረንጅ ሆነሻል» ብላ ዘጋችው። ፈቃድሽን አታጪም ቢሉኝስ? ያን ጊዜም አልከፍተውም ነበር። ይህን ለመናገር ጊዜ አልሰጠችኝም።

ጋሼ እለው ነበር። አገር ቤት እያለ በሬዲዮ የእግር ኳስ ጨዋታ ያስተላልፍ የነበረ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ድምፁን የሚያውቀው ሰው ነው። ቴሌቪዥን በሰፈራችን ሳይኖር ኳስ ያየነው በእሱ አፍ ነው። ኦስሎ ከመጣ በኋላ ትምህርት ቤት ውስጥ ረዳት ሆኖ ሠራ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሃውገንስቱዋ፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ትናንሽ ልጆች ሲጫወቱ ዳር ቆሞ ጨዋታውን በአማርኛ ያስተላልፍላቸው ነበር። «ኳሷ አሁን ጥርሱ ከወለቀው ልጅ ጋር ናት፤ አለፈ፣ አታለለ፣ ወደቀ፣ ደግሞ ተነሣ!» ሲል፣ አንድ ቃል የማይገባቸው የኖርዌይ ወላጆች በሳቅ ይፈርሱ ነበር። ልጆቹም ስማቸውን ከፍ አድርጎ ሲጠራላቸው ይበልጥ ይሮጡ ነበር።

ለቅሶ ልደርስ በማግስቱ ሃውገንስቱዋ ሄድኩ። ቤቱ ሞልቷል፤ ጫማው ከበሩ አልፎ ደረጃው ድረስ ተደርድሯል። እትዬ፣ ባለቤቱ፣ ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ ሶፋው ጥግ ተቀምጣለች። አጠገቧ የሚቀመጥ ሁሉ ትንሽ ያለቅስና ፊቱን ጠረግ አድርጎ ይጠይቃታል። «ድንገት ነው?» «ልቡ ነው?» «ቀድሞ ይታመም ነበር እንዴ?» እሷ ለሁሉም አንድ መልስ ነበራት፤ «እግዚአብሔር ወሰደው» ትላለች። መልሱ አላጠገባቸውም። አንዲት ሴት እንደውም ጉልበቷን ይዛ፣ «ግዴለሽም፣ ለእኔ ንገሪኝ፤ ይቀልሻል» ስትላት በጆሮዬ ሰማሁ። «እትዬ ትንሽ ትረፍ» ብዬ ክንዷን ይዤ ወደ መኝታ ቤት አስገባኋት።

ልጇ ተከትላን ገባችና በሩን ዘጋችው። ኦስሎ ተወልዳ ያደገች፣ ባርነሃገ፣ የሕፃናት መዋያ ውስጥ የምትሠራ ወጣት ናት። የሞተበትን ነገር የሰማሁት እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ዛሬ የምጽፈው እነሱ ራሳቸው በኋላ በአደባባይ ስለተናገሩትና እንድጽፈውም ስለፈቀዱልኝ ብቻ ነው። የፕሮስቴት ካንሰር ነበር። ሽንት አስቸግሮት እያማጠ፣ ወገቡን እየያዘ፣ ደም እያየ፣ ለማንም ሳይናገር ከርሟል። ሐኪም ቤት የሄደው መራመድ ሲያቅተው ነው። ያኔ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ነበር።

«እንናገር እላታለሁ፣ ኔይ ትለኛለች» አለችኝ ልጅቷ፤ ዓይኗ አብጧል። «ፓፓን የገደለው ሀፍረት ነው። ለምንድነው እኛም የምናፍረው?»

እትዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ሰውየው ለሐኪም እንኳ ያልነገረውን እኔ ለአገር ላውራበት?» አለች። «ሸፍኑኝ ብሎኛል። እሸፍነዋለሁ።»

ልጅቷ እኔን አየችኝ፤ እንድፈርድ ነበር የፈለገችው። ምን ልበል? ነርስነቴ ከልጅቷ ጋር ነው፤ እንደ እሱ አፍረው ዘግይተው የመጡ የአገሬን ወንዶች አይቻለሁ። ልቤ ግን ከእናትየው ጋር ነው። ባሏ ነው። ምስጢሩም የሷ ነው። «የእናትሽ ፈቃድ ይሁን» አልኳት። ተቆጥታ ወጣች።

ቀብሩ ሳይደርስ አንድ ሰውዬ ተነሣ። ዩቲዩብ ላይ ቻናል አለው፤ ሞርተንሩድ ይኖራል፤ የሐበሻ ሠርግና ስብሰባ ላይ ስልኩን ቀስሮ የማይታይበት ቦታ የለም። ላይቭ ገብቶ የጋሼን ፎቶ ከኋላው ሰቅሎ፣ በሐዘን ድምፅ፣ ታዋቂው የኳስ ሰው ራሱን እንዳጠፋ «ምንጮቻችን ይጠቁማሉ» አለ። ቀጥሎም «እዚያው ሆስፒታል ውስጥ የምትሠራ አንዲት እህታችን አረጋግጣልናለች» አለ። ከሥር የሚጎርፈውን አስተያየት አነበብኩት። የሚያለቅስ ነበረ፣ የሚራገምም ነበረ፤ ሚስቱን የሚወነጅል ነበረ። «እውነት አይደለም» የሚል ግን አላየሁም።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ አንድ ሰው ለእትዬ ደወለላት። ቃሉን እየቆጠበ፣ እያፈረ፣ «ለፍትሐቱ ጉዳይ እንድናውቀው ያህል ነው» አላት። ባሏን ገና ሳትቀብር፣ ራሱን አለማጥፋቱን ማረጋገጥ ነበረባት። በዚያው ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ያሉት የጋሼ እናት ወሬውን ከጎረቤት ስልክ ላይ ሰምተው ወደቁ።

ሰውዬውን ሞርተንሩድ ገበያ ማዕከል ውስጥ ያለው ካፌ ሄጄ አገኘሁት። በትሕትና ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝ፤ ሻይ ልዘዝልሽ አለኝ። አልፈልግም አልኩት።

«አረጋገጠችልን ያልካት ማናት?»

«ምንጭ አይነገርም» አለኝ ፈገግ ብሎ።

«እዚያ ሆስፒታል የምንሠራ ሐበሾች እንተዋወቃለን። ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚጠቁመው።»

«ስምሽን መች ጠራሁ?»

«የሞተውን ሰውዬ ስም ግን ጠርተሃል! እናቱ ራሳቸውን ስተው ወድቀዋል፣ ታውቃለህ?»

ለአፍታ ዓይኑን ሰበር አደረገ። ከዚያ ግን የተለማመደውን ንግግር ጀመረልኝ። «እሱ እኮ የግል ሰው አይደለም፤ የሕዝብ ሰው ነው። ያከበረው ሕዝብ የማወቅ መብት አለው። ቤተሰቡ ዝም ሲል ሰው ይጠረጥራል። ጥፋቱ የኔ ነው?»

«ሕዝቡ ውሸት የማወቅ መብት ነው ያለው?»

«እንግዲያው እውነቱን ንገሪኝ» አለኝ፤ ወደ ፊት ጠጋ አለ። «ዛሬውኑ አስተካክላለሁ።»

አጥንቴ ድረስ የተሰማኝ ይሄ ነው። ውሸቱን የወረወረው እውነቱን ይዘን ሮጠን እንድንመጣ ነው። ቤተሰቡ የሟቹን ገመና ካልሰጠው ስሙን ያጠፋዋል፤ ይህንንም የሕዝብ መብት ብሎ ይጠራዋል። እውነት ነው፣ አገር የሚመራ ሰው ቢታመም፣ ቢሞትም፣ ሕዝብ ምን እንደሆነ ይጠይቅ፤ ኑሮው በዚያ ሰው እጅ ነውና። ጋሼ ግን በማን ላይ ሥልጣን ነበረው? ኳስ ነው ያስተላለፈልን። «ድምፁን ሰጥቷችኋል» አልኩት ሰውዬውን፣ ካፌው ሁሉ እስኪዞር ጮክ ብዬ። «ገላውን አልሰጣችሁም!» ትቼው ወጣሁ።

ቀጥታ ወደ እትዬ ቤት ሄድኩ። የባሏ እናት ነፍሳቸውን አውቀው ደውለው ኖሮ፣ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ድምፃቸው ቤቱን ሞልቶታል።

«ልጄ ራሱን አጠፋ ይላሉ። እውነት ነው?»

«ውሸት ነው፣ እማማ! በልጄ እምልልዎታለሁ፣ ውሸት ነው!» አለች እትዬ።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው? እኔ እናቱ ነኝ።»

እትዬ ልጇን አየች። ከዚያ እየተንተባተበች ነገረቻቸው፤ ሽንቱን፣ ወገቡን፣ ደሙን፣ ለማንም አለመናገሩን። ቀጥለው የተናገሩትን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«አባቱም እኮ ሽንት ከልክሏቸው ነው የሞቱት» አሉ። «ለልጆቹ ግን ነውር ነው ብለን ወገባቸውን አሟቸው ነው ያልናቸው።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። ይህ በሽታ በዘር ሊመጣ እንደሚችል የሚያውቅ ሁሉ ያን ጊዜ የተሰማኝ ይገባዋል። ጋሼ የአባቱን አሟሟት ቢያውቅ ኖሮ፣ ገና ሽንት ሲያስቸግረው ይደነግጥ ነበር። ምናልባት ይሄድ ነበር። አገሩ ሁሉ ምን ሆኖ ሞተ እያለ ሲጮህ፣ ማወቅ የነበረበት ሰው አንድ ራሱ ነበር፤ እሱ ደግሞ አልተነገረውም። አዲስ አበባ ወንድሞች አሉት። እነሱም አያውቁም።

እትዬ የዚያን ቀን ምንም አልወሰነችም። ባሏን ቀበረች፤ ፍትሐቱም ተደረገለት። ለወንድሞቹ አንድ በአንድ ደውላ ተመርመሩ አለቻቸው። በረዶው ሲቀልጥ ግን ልጇንና እኔን ጠርታ፣ «ሸፍኑኝ ያለኝ ከወሬ ነው። ከሚድን ሰው ሸፍኑኝ አላለኝም» አለችን። እንዲህ ብላ ራሷን ለማሳመን ስንት ቀን እንደፈጀባት እሷ ታውቃለች። ልጅቷ እናቷን አቅፋ፣ «ታክ፣ ማማ» እያለች፣ እያመሰገነቻት አለቀሰች።

ሞርተንሩድ ውስጥ አዳራሽ ተከራየን። የማውቀው ሐበሻ ሐኪም ስለ በሽታው ሊያስረዳ ተስማማ። እትዬ የባሏን አሟሟት በራሷ አፍ እንደምትናገር በየቴሌግራሙ፣ በቤተ ክርስቲያኑም አስነገርን። ብዙ ሰው ይመጣል ብዬ ወንበር ከሌላ ክፍል ጭምር አስመጣሁ። ለዚያ ሰውዬም ልጅቷ ራሷ ደወለችለት፤ መጥቶ እንዲቀርፅ፣ ያጠፋውን እንዲያስተካክል። እኔ አጠገቧ ነበርኩ።

«ካንሰር ነው?» አላት። «ብቻውን? ከኋላው ሌላ ነገር የለም?»

«የለም።»

«እ... ነፍስ ይማር። ግን እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሰው ከፍቶ አያየውም፣ እህቴ።»

ልጅቷ ስልኩን ዘግታ ግድግዳ ግድግዳውን አየች። እኔ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም።

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ባዶውን ነበር ማለት ይቻላል። ባቡር ላይ የደወለችልኝ አልመጣችም። የእትዬን ጉልበት ይዛ «ንገሪኝ» ያለቻት አልመጣችም። ላይቩ ሥር ሲያለቅሱና ሲራገሙ ከነበሩት ስንቶቹ ኦስሎ እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ አንዳቸውንም አላየሁም። የማወቅ መብት አለን ሲሉ የከረሙ ሰዎች እውቀቱ በነፃ ሲቀርብላቸው ቤታቸው ተቀመጡ። ማወቅ አልነበረም የፈለጉት። የተደበቀውን ማየት ነበር የፈለጉት፤ ያልተደበቀ ነገር ምን ያደርግላቸዋል?

እትዬ ግን እንደሞላ አዳራሽ ነበር የቆመችው። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ፊት ለፊት ለተቀመጡት ጥቂት ሰዎች፣ «ባሌ የሞተው በፕሮስቴት ካንሰር ነው። አፍሮ ነው የዘገየው። አባቱም በሽንት ታመው ነው የሞቱት፤ እሱ ግን አልተነገረውም» አለች። ድምፅዋ አንድ ጊዜ ብቻ ተቆረጠ። ተቀመጠች። ሐኪሙ ተነሥቶ አስረዳ።

ሲያበቃ ወንበር እያጠፍኩ ሳለ፣ ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንድ አዛውንት ቀስ ብለው መጡ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ልጄ፣ ቋንቋቸውን ኖርስኩን አልችለውም» አሉኝ። «ሐኪም ጋ የምታስተረጉምልኝ ሴት ልጄ ናት። በሷ ፊት ይሄን እንዴት ብዬ...»

አልጨረሱትም። አስተርጓሚ የማግኘት መብት እንዳለዎት ያውቃሉ ወይ አልኳቸው፤ ወንድ ይሁንልኝ ማለት እንደሚችሉ፣ በስልክም ሊሆን እንደሚችል፣ ልጃቸው መስማት እንደሌለባት ነገርኳቸው። አያውቁም ነበር። ይህን ያህል ዓመት እዚህ ኖረው ማንም አልነገራቸውም።

«ያምዎታል?» አልኳቸው።

«ያ» አሉ በኖርስክ፣ አዎ ለማለት፤ ከዚያ ደግሞ በአማርኛ፣ «ሰንብቷል።»

ሰኞ ጠዋት ከፈረቃዬ በፊት ቤታቸው ሄጄ አብረን ለፋስትሌገያቸው፣ ለቋሚ ሐኪማቸው ደወልን። ስልኩን ድምፁን ከፍተን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው። ቀጠሮ የምትይዘው ሴት ለምን እንደሚፈልጉት ስትጠይቅ እኔ ልመልስ አፌን ከፈትኩ። አዛውንቱ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝና፣ በዚያች ባላቸው ኖርስክ፣ ራሳቸው ነገሯት።