ልብስ ማጠቢያው ለምን ይራመዳል?

ልብስ ማጠቢያ ማሽናችን መጀመሪያ የተራመደ ቀን እኔ ቤት አልነበርኩም። ሶዶ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ከክፍል እየወጣሁ ሳለ ባለቤቴ ደወለችልኝ።

«ማሽኑ በሩን ዘጋብኝ» አለች።

«የቱን በር?»

«የጓሮውን ነዋ! ልብስ ላሰጣ ወጥቼ ስመለስ አልከፈት አለኝ። በመስኮት ሳይ ከቦታው ተነስቶ መጥቶ በሩን ተደግፎታል።»

ቁልፏ ውስጥ ቀርቶ ስለነበር ባጃጅ ይዤ በረርኩ። በፊት ለፊት በር ገብቼ ወደ ኋላ ክፍል ሳልፍ እውነትም ማሽኑ በሩ ላይ ተለጥፎ ቆሟል። ሲሄድ ሲሄድ ገመዱን ከሶኬቱ ነቅሎ፣ ራሱን በራሱ አጥፍቷል። ከነበረበት ግድግዳ እስከ በሩ ሦስት እርምጃ ያህል ይሆናል።

የገዛነው ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ነበር። ባለቤቴ ቢሮ ስትጽፍ ትውልና እሁድ እሁድ የአራት ሰው ልብስ በእጇ ታጥብ ነበር፤ የእጇ አንጓ ሲያብጥባት ጊዜ «ወይ ማሽን፣ ወይ አንተ» አለችኝ። ማሽኑን መረጥኩ። ገበያው አጠገብ ካለ ሱቅ ገዝተን በጋሪ አመጣነው። የገጠምኩት እኔ ነኝ። ውሃ የሚገባበትን ቱቦ ከሮቶው ጋር አገናኘሁ፣ የሚወጣበትን ወደ ፍሳሹ አዞርኩ፣ ገመዱን ሰካሁ። አበቃ።

በማግስቱ መምህራን ክፍል ውስጥ ነገሩን ባነሳ ሁሉም መካሪ ሆነ። የኬሚስትሪው መምህር ክብደት ጫንበት አለኝ። አንድ ኩንታል የማይሞላ በቆሎ ከነጆንያው ላዩ ላይ ብናስቀምጥ፣ ማሽኑ ጆንያውን አዝሎ ጥቂት ከተንቀጠቀጠ በኋላ አሽቀንጥሮ ጣለው። በቆሎውን ከየጥጋቱ ስንለቅም አመሸን። ሌላው ደግሞ ጎማ አድርግለት አለ። ጫማ ሰፊው ጋ ሄጄ ከአሮጌ የመኪና ጎማ አራት ቁራጭ አስቆርጬ እግሮቹ ሥር አደረግኩ። ያኔ መንሸራተቱን ትቶ መዝለል ጀመረ።

እናቴ ከምትኖርበት ገጠር፣ ከቦምቤ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። ጉልበቷን ታማ ኦቶና ሆስፒታል ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ነበራት፤ ሐኪሙም ለሁለት ሳምንት ብዙ እንዳትራመድ አዘዛት። ዕድሜዋን ሙሉ ከዝንጅብልና ከቦይና፣ ማለትም ከጎደሬ ማሳዋ ተለይታ የማታውቅ ሴት በሶዶ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ዋዪ ተባለች። በሁለተኛው ቀን ዱካዋን፣ ያቺን አጭር በርጩማ ይዛ ወደ ኋላ ክፍል ሄደችና ማሽኑ ፊት ተቀመጠች።

«ይሄ ነው የሚሄደው?» አለች። ከእኔ ጋር በወላይትኛ ነው የምናወራው፤ ባለቤቴ ስትኖር ግን ወደ አማርኛ ትመለሳለች፤ በአማርኛዋ ማሽኑ አንዴ «እሱ» አንዴ «እሷ» ነው።

«አዎ፣ ወደ በሩ ይሄዳል።»

«ሁልጊዜ ወደ በሩ?»

«ሁልጊዜ።»

«ስንት ጊዜ አየህ?»

ቆጠርኩ። «ሦስት ጊዜ።»

«ሦስት ጊዜ አይተህ ሁልጊዜ ትላለህ?» አለችና ከሰል እንድሰጣት ጠየቀችኝ።

ከሰሉን ምን ልታደርገው እንደሆነ የገባኝ ጎንበስ ብላ በማሽኑ አራት እግሮች ዙሪያ ሲሚንቶው ላይ መስመር ስታሰምር ነው። ከዚያ «አሁን ክፈተው» አለችኝ። ብርድ ልብስ ከተትኩና ከፈትኩት። አንድ ሰዓት ያህል ከአጠገቡ አልተነሳችም። መንቀጥቀጥ ሲጀምር ዱካዋን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ ዝም ብላ ታየዋለች። ገመዱን ከመንቀሉ በፊት እኔ ነቀልኩለትና አዲስ በቆመበት ሌላ መስመር አሰመረች።

በማግስቱ መብራት ጠፍቶ ዋለ፤ በሦስተኛው ቀን የልጆቹን ካልሲና ሸሚዝ አስከተተችን። በሳምንቱ መጨረሻ ወለሉ በከሰል መስመር ተሞልቶ ነበር። ባለቤቴ ትስቃለች፤ ግን አልወለወለችውም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስገባ እናቴ ያየችውን ነገረችኝ።

«ሲያጥብ አይሄድም። ውሃውን ደፍቶ በኃይል መዞር ሲጀምር ነው የሚሄደው። ብርድ ልብስ ብቻውን ሲሆን ከዚህ እዚህ ድረስ ይሄዳል፤ ትንንሽ ልብስ ሲሆን ደግሞ ይቺን ብቻ። ብርድ ልብሱ ውስጡ ባንድ በኩል ይከመራል። በአንድ በኩል ብቻ የተጫነ አህያ ቀጥ ብሎ ይሄዳል?»

ይህንኑ ነገር በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ክብ ሥዬ፣ ቀስት አውጥቼ አስተምራለሁ። የራሴን ማሽን ግን አንድ ቀን እንኳ ተቀምጬ አይቼው አላውቅም ነበር። መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሮጬ ማጥፋት ብቻ ነው።

«ሌላም አለ» አለች። ከደረቀ የእንሰት ቅጠል ቀጭን ልጥ ቀዳ ይዛ ነበር። በአንደኛው እግር ሥር ልታስገባው ስትሞክር እምቢ አለ። በሁለተኛውም በሦስተኛውም። በአራተኛው እግር ሥር ግን ልጡ ሹልክ ብሎ አለፈ። ያ እግር መሬት አልነካም። የክፍሉ ወለል ውሃ እንዲያፈስ ሆን ተብሎ ወደ ፍሳሹ ዘንበል ተደርጎ የተለሰነ መሆኑን እኔው ራሴ አሠርቼው ረስቼው ነበር።

ጎማዎቹን አወጣሁ። የማሽኑ እግሮች እየተጠመዘዙ የሚረዝሙና የሚያጥሩ መሆናቸውን ያየሁት ያን ዕለት ነው። ላዩ ላይ ሰሃን ሙሉ ውሃ አስቀምጠን፣ እኔ ከሥር እግሩን ሳዞር እናቴ ከላይ ውሃውን እያየች «ትንሽ... ትንሽ... ኸረ በዛ፣ መልስ» ስትለኝ ቆየን። በመጨረሻ ልጡ በየትኛውም እግር ሥር አላልፍ አለ።

ሞከርነው። መራመዱ በግማሽ ቀነሰ። ጩኸቱና መንቀጥቀጡ ግን ያው ነው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው መስታወት ሳይቀር ይርገበገባል። እኔ ይብቃን ብዬ ነበር።

«እናቴ፣ ይተውት እንግዲህ» አለቻት ባለቤቴ። «እቃው ራሱ እንዲህ ይሆናል።»

«ሌላ ሰው ቤትም እንዲህ ነው?»

ባለቤቴ አሰብ አደረገች። «የቢሮ ጓደኛዬ ቤት ያለው... አይ። እሱ ዝም ብሎ ነው የሚሠራው።»

እናቴ የማሽኑን በር ከፍታ እጇን ሰደደችና ልብስ የሚዞርበትን በርሜል ወደ ላይ ገፋችው። ንቅንቅ አላለም። ወደ ጎን ገፋችው፤ ያው። «ሆዷ ደረቅ ነው» አለች። ቀጥላም የሚያመውን ቦታ እንደሚፈልግ ሐኪም ጀርባውን በእጇ ዳሰሰች። «እነዚህ አራቱ ደግሞ ምንድን ናቸው?»

አራት የብሎን ራሶች ናቸው። ስገጥመው አይቻቸዋለሁ፤ የማሽኑ አካል መስለውኝ አልፌያቸዋለሁ። በስልኬ ፎቶ አንስቼ ወደ ሸጠልን ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ቤተሰቡ ከስልጤ የመጣ፣ ሶዶ ተወልዶ ያደገ እኩያዬ ነው። ፎቶውን አይቶ ራሱን ያዘ።

«ቲቸር! እስካሁን አልፈታሃቸውም?»

«ለምን እፈታቸዋለሁ?»

«በርሜሉ ከውስጥ በሞላ፣ በስፕሪንግ ነው የተንጠለጠለው። መንገድ ላይ እንዳይናጥ ብለው በእነዚህ ያስሩታል። እቤት ሲደርስ ይፈታል። ወረቀቱ ላይ አለ እኮ።»

«ወረቀቱን አላነበብኩትም።»

«ሰው ልኬ ላስገጥምልህ ብልህስ ምን አልከኝ? ‹የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ› አላልከኝም?»

ብያለሁ። ተማሪዎቼን «መመሪያውን ሳታነቡ መልስ መጻፍ እንዳትጀምሩ» የምል ሰው ነኝ። ባለሱቁ ሲስቅ እኔም ከመሳቅ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ስወጣ «የፈታሃቸውን እንዳትጥላቸው፣ ቤት ስትቀይር መልሰህ ታስራቸዋለህ» አለኝ።

ከሰፈራችን ባጃጅ ጠጋኝ የአስር ቁጥር ብሎን መፍቻ ተዋስኩ። ሦስቱ ብሎኖች በቀላሉ ወጡ። አራተኛውን ስፈታው ከማሽኑ ውስጥ ዱብ የሚል ድምፅ ተሰማና ደነገጥኩ፤ የሰበርኩት መሰለኝ። እናቴ ግን ወዲያው እጇን በበሩ አስገብታ በርሜሉን ገፋ አደረገችው። እንደ ዥዋዥዌ ሄዶ ተመለሰ።

«ይኸው!» አለች። «ታስራ ነው እንዲህ የምትሆነው!»

ያንኑ ብርድ ልብስ፣ አሁን ግን ከሁለት ፎጣና ከጥቂት ልብሶች ጋር ከተትነው። ሰሃኑን ከነውሃው ላዩ ላይ መለስን። ሦስታችንም ቆመን ጠበቅን። የመጭመቂያው ሰዓት ሲደርስ ባለቤቴ ሳታውቀው ወደ በሩ ሄዳ ቆማለች። ማሽኑ መዞር ጀመረ፣ ፈጠነ፣ ከዚያም ዝቅ ያለ እምምም የሚል ድምፅ ብቻ ሆነ። ሰሃኑ ውስጥ ያለው ውሃ ፊቱ ተሸበሸበ እንጂ ጠብታ አልወጣም። እናቴ ጎንበስ ብላ እግሮቹን አየች። መስመሩ ላይ እንዳሉ ናቸው።

ደስ አለኝ፤ አፈርኩም። ባለቤቴ ሄዳ እናቴን ጉንጯን ሳመቻት። ከዚያ ባልዲና መወልወያ አምጥታ የሳምንቱን ከሰል ሁሉ ከወለሉ ላይ አጠበች።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን እናቴ አሁንም እዚያው ዱካዋ ላይ ናት፤ ማሽኑ የልጆቹን ልብስ እያጠበ ነው።

«አሁን ደግሞ ምን ሆነ?» አልኳት።

«ምንም አልሆነም። ግን እያት። ጥቂት ጊዜ ወደ ቀኝ ትዞራለች፤ ከዚያ ቆም ትልና ወደ ግራ ትዞራለች። ለምንድን ነው?»

አየሁ። እውነቷን ነው። ስንት ጊዜ ፊቱ ቆሜ አላስተዋልኩትም።

«ልብሱ እርስ በርሱ እንዳይጠማዘዝ ይመስለኛል» አልኩ።

«ይመስልሃል ወይስ ታውቃለህ?»

«ይመስለኛል።»

ዱካዋን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝ። ቦርሳዬን ግድግዳው ሥር አስቀምጬ ሌላ ዱካ አመጣሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ።