የመምህር ማርቆስ ላብ

ኦፕሬሽን ክፍል ሥራ የጀመርኩ ዕለት እጄ ጓንት ውስጥ በላብ ዋኘ። ለሐኪሙ መቀስ ሳቀብል አምልጦኝ ወደቀ። አለቃዬ ሲስተር፣ «ፍርሃት ነው፣ ይለቅሻል» አለችኝ። እውነትም ለቀቀኝ። የቀረኝ ድካሙና የጉልበት ሕመሙ ነው።

ሳይፈራ የሚያልበው ሰው ያየሁት ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ አርባ ምንጭ ስሠራ ነው። ማርቆስ ይባላል፤ ገና ከማሠልጠኛ የወጣ፣ በታችኛው ከተማ በሲቀላ የሚያስተምር መምህር። ሲጨብጠኝ እጁ ርሶ ነበር።

«ሲስተር፣ ጠመኔው እጄ ላይ ይሟሟል። ልጆቹ መምህር ጭቃ ይሉኛል። ማስተማሩን ልተወው ነው» አለኝ።

ከደጋው ከጨንቻ የወረዱት እናቱ፣ «እጁ ብርድ ላይም እንዲሁ ነው፤ ኧረ እባካችሁ!» አሉ።

ሐኪማችን እጁን የሚያስልበውን ነርቭ ደረቱ ውስጥ እንደሚቆርጠው ነገረው። «ሌላ ቦታ ግን ሊያልብህ ይችላል» አለው።

«የትም ይሁን ዶክተር! እጄ ብቻ ይድረቅልኝ።»

መጀመሪያ ቀኙን፣ ሲያገግም ግራውን ሠራነው። በብብቱ ገባን። የጎድን አጥንቱን ከፍቼ ስይዝ ክንዴ ዛለ። ሳንባው ገለል ሲል ነርቩ እንደ ነጭ ክር ታየ፤ ሐኪሙ ቆረጠው። ማርቆስ ሲነቃ መዳፉን ጉንጩ ላይ ለጠፈ።

«ደረቀ! ሲስተር፣ ደረቀ እኮ!»

እናቱ እልል አሉ። እኔ አለቀስኩ፤ ደክሞኝም ነበር።

በበጋው ሙቀት ተመልሶ መጣ። ዞር ብሎ ጀርባውን አሳየኝ፤ ሸሚዙ ተጣብቆበታል።

«ጠመኔው ይጽፋል። ግን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ለልጆቹ የምሰጠው ጀርባዬን ነው። አሁን ከኋላዬ ይስቃሉ።»

የተቆረጠ ነርቭ አይቀጠልም። «እናትህ አገር ብርድ ነው አይደል?» አልኩት፣ እንዲያው ለማጽናናት ያህል።

እሱ ግን የምሬን መስሎት ላይኛው ከተማ ሴቻ፣ ትምህርት ቢሮ ወጥቶ ወደ ጨንቻ ዝውውር ጠየቀ። የቢሮው ኃላፊ፣ «ሰው ሁሉ ከጨንቻ አውርዱኝ ይላል፣ አንተ ልውጣ ትላለህ?» ብለው ሳቁና ፈረሙለት።

ኋላ ለክትባት ዘመቻ ጨንቻ ስወጣ በክፍሉ መስኮት አየሁት። በብርዱ ሹራብ ለብሶ፣ የደረቀ ጀርባውን ለልጆቹ ሰጥቶ ይጽፋል። የሚስቅ የለም፤ ሁሉም አቀርቅረው ይገለብጣሉ። ሰሌዳውን እስከ ታች ሞላው።

ላቡን አላጠፋነውም፣ ቦታ አስለወጥነው እንጂ። እናንተ ተተኪዎቼ፣ ከመቁረጣችሁ በፊት ሰውየው ምን ሠርቶ እንደሚያድር ጠይቁት።